ንድፈ ሐሳብ መንደፍ ምንድን ነው?

ንድፈ ሐሳብ መንደፍ ማለት በተናጠል የታዩ ነገሮች ለምን እንደዚያ ሊሆኑ እንደቻሉ በአንድነት የሚያስረዳና በአዲስ መረጃ ሊፈተን የሚችል ማብራሪያ ማዋቀር ነው። የታየውን መዝግቦ ማስቀመጥ ብቻውን ይህን ስም አያሰጥም፤ ያለ በቂ መነሻ መናገርም መላ ከመምታት አያልፍም።

ለዚህ የሚሆን ጥሩ ማስረጃ አዲስ አበባ መሀል፣ አምስት ኪሎ በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ አለ። በ1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ (ጎብኚው የሚያየው ቅጂዋን ነው) 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላት ስትሆን፣ የዳሌዋና የእግሯ አጥንቶች በሁለት እግር ትሄድ እንደነበር ይመሰክራሉ፤ የዝርያዋ አንጎል ግን ከቺምፓንዚ አንጎል ብዙም የሚበልጥ አልነበረም። እስከዚህ ድረስ ያለው ምልከታና ከእርሱ የተገኘ ድምዳሜ ነው። መንደፍ የሚጀምረው አጥንቱ በቀጥታ የማይመልሰው ጥያቄ ሲነሣ ነው፦ የሰው ዘር ለምን ቆሞ መሄድ ጀመረ? ብዙ ተመራማሪዎች ደኑ እየሳሳ የሣር ምድሩ ሲስፋፋ፣ በገላጣ መሬት ላይ መጓዝ ግድ ስለሆነ ነው የሚል ማብራሪያ ነድፈው ነበር። በመካከለኛው አዋሽ የተገኘችውና እርሷም በሁለት እግር ትሄድ እንደነበር የተነገረላት የ4.4 ሚሊዮን ዓመቷ ቅሪተ አካል አርዲ በ2002 ዓ.ም. በዝርዝር ይፋ ስትሆን ግን አብረዋት የተገኙት የእንስሳትና የዕፅዋት ቅሪቶች ዛፍ ያለበትን አካባቢ ስላመለከቱ፣ ያ ማብራሪያ ብርቱ ጥያቄ ገጠመው። ክርክሩ አላበቃም፤ የቀድሞዎቹ ተመራማሪዎችም ቢሆኑ የሚፈተን ነገር ስላቀረቡ በእርግጥ ነድፈዋል።

በአጠቃቀም ረገድ፣ «ነደፈ» ብቻውን ይህን ትርጉም አይሰጥም፤ ዕቅድም ፖሊሲም ይነደፋልና ተሳቢው «ንድፈ ሐሳብ» አብሮ መጠራት አለበት። ገና ያልተፈተነ ነጠላ ግምት ሲሆን «መላምት አቀረበ» ማለት ይሻላል። አንድ መርማሪ ሌባው በየት በኩል እንደገባ ሲገምትም «ንድፈ ሐሳብ ነደፈ» ማለት፣ በእኔ አስተያየት፣ ቃሉን ያለ ልኩ ማግነን ነው፤ «ጠረጠረ» ይበቃዋል። በየካፌው «ይሄ ቲዎሪ ብቻ ነው» ሲባል የሚታሰበው ደግሞ በተግባር የማይሠራ ወሬ ስለሆነ፣ በሳይንስ ጽሑፍ ውስጥ ይህንን ፍቺ ይዞ መግባት አንባቢን ያሳስታል።