ክላሲክ ሞተርን ለረጅም ጉዞ ማዘጋጀት በጎንደር

ክላሲክ ሞተር ሲባል የድሮ መልክ ያለው ሞተር ሳይክል ማለት ነው። ፓውዛው፣ ማለትም የፊት መብራቱ፣ ክብ ነው። ቸርኬው ባለ ራጂ፣ ማለትም በቀጫጭን ሽቦዎች የተወጠረ ነው። ከኋላ ግራና ቀኝ ንረት የሚውጥ ሁለት አሞርዛተር ይታያል። ሞተሩ በአብዛኛው በነፋስ ይቀዘቅዛል። ነጂው ጎንበስ ሳይል ቀና ብሎ ይቀመጥበታል። መልኩ የድሮ ይሁን እንጂ የተመረተው በቅርቡ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ሞተር ለብዙ ቀን ጉዞ ማሰናዳት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በአማርኛ ተጽፎ ስላጣሁት አጠናቀርኩት። መነሻዬ የአንድ ባለ 350 ሲሲ ሞተር መመሪያ፣ ስለ ጣሊያን ዘመን ያነበብኩትና ጎንደር ጋራዥ ውስጥ ቆሜ የሰማሁት ነው።

ታሪክ

ጎንደር በአፄ ፋሲል ዘመን ስትቆረቆር ጀምሮ የመንገደኛ ከተማ ናት። ወደ መተማና ሱዳን፣ ወደ ምጽዋም የሚወጣው ሲራራ ነጋዴ በቅሎውን የሚጭነው እዚህ ነበር። ሞተር የመጣው ግን ከወራሪ ጋር ነው። ጣሊያናዊው አኪሌ ስታራቼ የሚመራው በካሚዮን የተጫነ ፈጣን ጦር ከኤርትራ በኩል ገስግሶ መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ጎንደር ገባ። ከዚያ በኋላ ከተማዋ ጣሊያኖች ያቋቋሙት የአማራ ግዛት ዋና ከተማ ሆነች። ጌራርዶ ቦዚዮ የተባለ አርክቴክት ፕላኗን አወጣ። ዛሬ ፒያሳ ላይ የምናያቸው ፖስታ ቤቱና ሲኒማ ቤቱ የዚያ ዘመን ሥራዎች ናቸው። ከደባርቅ ወደ ታች የሚጠማዘዘው የሊማሊሞ መንገድም በዚያው ዘመን ተቆረጠ።

የጣሊያን ጦር በዚያ ዘመን የሚነዳቸው ሞቶ ጉዚዎች ለዛሬው ክላሲክ ሞተር ቅርብ ዘመዶች ናቸው። ጂ.ቲ. 17 የተባለው ከ1932 እስከ 1939 እ.ኤ.አ. ተመረተ። ተከታዩ አልቼ በ1939 ወጣ። ሁለቱም ባለ አንድ ሲሊንደር 500 ሲሲ ነበሩ፤ ሲሊንደራቸው ወደ ፊት የተጋደመ ነው። ዘመኑ ግን አልቆየም። አርበኞች በዙሪያው ሆነው ወራሪውን አላስቀመጡትም። የወልቂፊት ምሽግ መስከረም 1934 ዓ.ም. ተለቀቀ። ቁልቋል በር ላይ ከባድ ውጊያ ተደረገ። የጣሊያኑ ጄኔራል ጉልዬልሞ ናሲ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ጎንደር ላይ እጁን ሰጠ። ጣሊያን በምሥራቅ አፍሪካ የያዘው የመጨረሻው ትልቅ ምሽግ የወደቀው እንግዲህ በእኛው ከተማ ነው።

የቀረው ቋንቋው ነው። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን (ማርሽ ሲቀየር የሚጨበጠው)፣ ካምቢዮ (ማርሽ)፣ ካንዴላ (ቤንዚኑን በእሳት ብልጭታ የሚያቀጣጥለው)፣ ማርሚታ (ጭስ ማውጫ)፣ ሰልባትዮ (የቤንዚን ታንከር)፣ ኩሽኔታ፣ ቡሎን (ብሎን)፣ ካቻቢቴ (ብሎን መፍቻ)። አንድ የጎንደር ሜካኒክ ክላሲክ ሞተር ፈትቶ ሲገጥም ከግማሽ በላይ የሚጠራው ስም ከጣሊያንኛ የመጣ ነው።

ከነጻነት በኋላ ባሉት አሥርተ ዓመታት የግብርናና የጤና ባለሙያዎች በያማሃና በሆንዳ ገጠሩን አዳርሰዋል።

የትኛው ሞተር

ስሙ ቀድሞ የሚነሳው ሮያል ኢንፊልድ ነው። ኩባንያው የመጀመሪያ ሞተሩን በ1901 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ሠራ። ቡሌት የሚለው ስም በ1930ዎቹ መጀመሪያ ወጣ። በ1955 ህንድ ውስጥ ማድራስ ላይ የህንዱ ኩባንያ ተቋቋመ። የእንግሊዙ በ1970 ሲዘጋ የህንዱ ቀጠለ። ክላሲክ 350 የተባለው የ2021 ሞዴል 349 ሲሲ ሆኖ 20 የፈረስ ጉልበት ገደማ ያወጣል። ክብደቱ 195 ኪሎ ነው። ሰልባትዮው 13 ሊትር ይይዛል። በሊትር 30 ኪሎ ሜትር ቢሄድ 390 ይሆናል። ከጎንደር ባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነውና ደርሶ መልስ ይበቃል፤ ትርፉ ግን ጥቂት ነው።

ትንሽ ሞተር አይሆንም የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። የሆንዳው ሲጂ 125 በ1976 እ.ኤ.አ. የወጣው ዘይት በወቅቱ የማይቀየርበትን አገር ታሳቢ አድርጎ ነው። ጎንደር ውስጥ በቀላሉ የሚገኘው መለዋወጫም ለ125 እና ለ150 ሲሲ ሞተሮች የሚሆነው ነው። ትልቁን የመረጠ ሰው ካንዴላ፣ የዘይት ፊልትሮ፣ የፍሪሲዮን ገመድና የፍሬን ሸራ ከአዲስ አበባ ይዞ ይምጣ።

ከፍታና ካርቡራተር

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው አየር በአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ 20 የፈረስ ጉልበት የተባለው ሞተር እዚህ 16 ቢሰጥ ነው። ኮምፒውተር ያለው ሞተር ቤንዚኑን ራሱ ይቀንሳል። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተር ያለው ግን እንደ ድሮው ያፈሳል፤ አየሩ አንሶ ቤንዚኑ ይበዛል። ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሞተሩ ይታፈናል፣ ጭሱም ይከብዳል። መፍትሔው ጄት የምትባለውን ቀዳዳ ያላት ትንሽ ነሐስ በጠበበች መቀየር ነው።

ችግሩ የጎንደር መንገድ አንድ ከፍታ አለመሆኑ ላይ ነው። በደባርቅ በኩል ስሜን ፓርክ ገብቶ ጨነቅ የደረሰ ሰው 3,600 ሜትር ላይ ነው። ወደ መተማ የወረደ ደግሞ 700 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ለጨነቅ የጠበበች ጄት መተማ ላይ ሞተሩን ታግላለች፤ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ከሚገባው በላይ ይሞቃል፣ ፒስተን እስከ ማበላሸት ይደርሳል። ስለዚህ ለጎንደር ከፍታ ማስተካከልና ቆላ ሲወርዱ መልሶ የሰፋችውን መግጠም ይሻላል። ሥራው ሰላሳ ደቂቃ ቢወስድ ነው። አንድ ካቻቢቴና አንድ ቁልፍ ይበቃዋል። ክላሲክ ሞተርን የምወደው ለዚህ ነው።

ለአቀበቱ ሲባል ካቴናው የሚዞርበትን የፊተኛውን ጥርስ ብዛት ከ15 ወደ 14 ማውረድ ይጠቅማል የሚሉ ሜካኒኮች አሉ። ጉልበቱ 7 ከመቶ ያህል ይጨምራል፤ አስፋልት ላይ ግን ሞተሩ በዚያው ልክ ይጮኻል። ብቻውን ለሚሄድ ሰው ላያስፈልግ ይችላል።

ጭነት

እዚህ ላይ ጎንደሬ ምክር አይቸግረውም። በቅሎ የጫነ አባት ያውቀዋል፤ ግራና ቀኙ እኩል ካልመዘነ ጭነቱ ይዞራል፣ የበቅሎዋም ጀርባ ይቆስላል። ሞተር ላይም ሕጉ ያው ነው። ከባዱ ዕቃ፣ ማለትም መሣሪያው፣ የውስጥ ጎማውና ውሃው፣ ወደ ታችና ወደ ነጂው ተጠግቶ ይታሰራል። ከኋላ ፖርቶመጋላው (የዕቃ ማስቀመጫው) ላይ ቀላሉ ብቻ ይቀመጣል፤ ልብስ፣ ጋቢ፣ ድንኳን። ከኋላ የበዛ ክብደት የፊት ጎማውን ያቀለዋል፤ መሪው አሸዋ ላይ እንዳበደ ይወዛወዛል። ልምዴ እንደሚለው ከነቦርሳው 25 ኪሎ ለአንድ ሰው በቂ ነው።

ፖርቶመጋላ ከብረት ይሁን። አሉሚኒየሙ ያምራል፤ ሲሰበር ግን መንገድ ላይ የሚበይደው የለም። የእኔው ዳባት አጠገብ በአንድ ወገን ተሰነጠቀ። የመስኮት ብረት የሚሠራ ልጅ በአሥር ደቂቃ በየደው፤ እስከ ዛሬም ይዟል። ቦርሳው ከሸራ ቢሆን ይመረጣል፤ በማርሚታው በኩል ያለው እንዳይቃጠል ስስ ላሜራ ጣል ይደረግበታል። ለማሰሪያ የጎማ ገመድ ይሠራል። ያም ሆኖ የቆዳ መጫኛን የሚያክል አላየሁም፤ አይለጠጥም፣ አይፈታም። ቅዳሜ ገበያ ይገኛል።

መቀመጫው ሌላ ጉዳይ ነው። የፋብሪካው ስፖንጅ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይጠነክራል። ውድ መቀመጫ ከማዘዝ በፊት አጎዛ ጣል አድርጎ መሞከር ነው። ሱፉ አየር ያሳልፋል፤ ቆላ ላይ አያልብም፣ ደጋ ላይ ያሞቃል። የሌላ አገር ረጅም መንገደኞችም የበግ ቆዳ ይጠቀማሉ፤ የእኛ ሰው ግን ኮርቻ ላይ ሲያነጥፈው ኖሯል።

ጎማ፣ ራጂ፣ ፍሬን

ባለ ራጂ ቸርኬ በአብዛኛው የውስጥ ጎማ አለው። ሚስማር ሲወጋው በአንድ ጊዜ ይተነፍሳል። በየከተማው ጎሚስታ ስላለ ግን አያስፈራም። በከተሞች መካከል ላለው መንገድ ሁለት ማውለቂያ፣ ማጣበቂያ፣ ትንሽ ፓምፕና አንድ የፊት የውስጥ ጎማ ይያዛል። የፊቱ ሲቸግር ለኋላም ያገለግላል፤ የኋላው ግን ለፊት አይሆንም።

ራጂ ከመንገድ በፊት በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ እየተደረገ ይደመጣል። የጠበቀው ይጮኻል፤ የላላው ድምፁ የታፈነ ነው። ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ስለሚያንዘፈዝፍ ቡሎኖቹን በየማለዳው በእጅ መዳሰስ ልማድ መሆን አለበት። የፓውዛው፣ የማርሚታውና የታርጋው ቀድሞ ይላላል።

ሊማሊሞ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። እዚያ ፍሬን ይዞ የሚወርድ ሰው ከግማሹ በፊት ፍሬኑ ይግላል፤ የድሮው ባለ ከበሮ ፍሬን ጭራሽ አይዝም። በሁለተኛ ማርሽ፣ በሞተሩ ጉልበት ተይዞ ነው የሚወረደው። ጡሩምባ በየኩርባው ይነፋል።

ወቅትና መስመር

ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ይመረጣል። ክረምት ላይ የደንቢያ መረሬ የክላሲክ ሞተር ጠላት ነው። የፊት ጭቃ መከላከያው ለጎማው ስለሚጠጋ ጭቃው መካከሉ ላይ ይጠቀጠቅና ጎማው አልዞር ይላል። መከላከያውን ሁለት ጣት ያህል ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ቅንፎቹን የትኛውም በያጅ ያስረዝማቸዋል።

ወደ ደቡብ በማክሰኝት፣ በአዲስ ዘመንና በወረታ አድርጎ ባሕር ዳር የሚያደርሰው አስፋልት ለጀማሪ ጥሩ ነው። ከወረታ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጋሸና በኩል ላሊበላ ይደረሳል፤ ብርዱ ከባድ ስለሆነ ጓንት የግድ ነው። ወደ ሰሜን ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት ምክንያት ሞተር በአንዳንድ ከተሞች በየጊዜው ይከለከላል። መንገድም ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ በየከተማው ጠይቆ መነሳት እንጂ በካርታ ብቻ መሄድ አይገባም። ቤንዚን ማደያ ላይ ሲጠፋ መንገድ ዳር በሃይላንድ ይሸጣል፤ ውሃ ወይም ጋዝ የተቀላቀለበት ስለሚያጋጥም በንጹሕ ጨርቅ ይጠለል።

ሙሉ ጭነት የታሰረበት ሞተር ወደ ሩቅ ከመሄዱ በፊት ጎርጎራ ደርሶ ይመለስ። ርቀቱ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ማታ ጎንደር ሲገባ ጭነቱ ሳይወርድ ሦስት ነገር ይታያል፤ ካቴናው ምን ያህል እንደላላ፣ መጫኛው የቱ ጋ ቀለም እንደላጠ፣ ካንዴላውም ሲወጣ ምን እንደሚመስል። ቡናማ ከሆነ በማግስቱ መነሳት ይቻላል። ጥቁር ከሆነ ጄቷ ትጠበብ። ነጭ ከሆነ ሞተሩ ቤንዚን አንሶታልና ሳይታይ አይነሳም።