ፕሌን ኤር ምንድን ነው? ባሕር ዳርቻ መሄድ ማለት እንዳልሆነስ?

ሰሞኑን አንድ ሰው ጂቡቲ ሄዶ ያነሳውን የባሕር ፎቶ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሸራ ላይ ገለበጠና «ፕሌን ኤር» ብሎ ለጠፈው። ሥዕሉ አይከፋም። ያበሸቀኝ ከሥሩ የተጻፈው አስተያየት ነው። «እንዲህ ነው እንጂ! ፕሌን ኤር መጓዝ ይፈልጋል። ጅማ ተቀምጦ ምን ይሳላል?» ላይኩ ደግሞ ጉድ ነው።

እኔ ጅማ ተቀምጬ ነው የምስለው። ስለዚህ ነገሩ ነክቶኛል፣ አልደብቅም።

ፕሌን ኤር የአሠራር ስም እንጂ የቦታ ስም አይደለም። ውጭ ወጥተህ፣ የምትስለው ነገር ፊት ቆመህ፣ ብርሃኑ ሳይለወጥብህ ትሠራለህ። ውጭ መሆን ብቻውንም አይበቃም፤ ዋናው ሰዓቱ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ያየኸው ጥላ 3 ሰዓት ላይ የለም፤ አጥሯል፣ ዞሯል፣ ቀለሙም ሌላ ሆኗል። ቢበዛ ሁለት ሰዓት ቢኖርህ ነው። በዚያች ጊዜ ምኑን ይዘህ ምኑን እንደምትጥል መወሰን፣ ፕሌን ኤር እሱ ነው።

ኳስ በሬዲዮ በቀጥታ የሚያስተላልፍ ጋዜጠኛን አስቡት። «አንዴ ቆዩልኝ» ማለት አይችልም። ሜዳ ላይ ካሉት ሃያ ሁለት ሰዎች ኳሷ ያለችበትን ይመርጣል፣ ሌላውን ይተዋል፣ ሲሳሳትም ጨዋታው አይጠብቀውም። ፎቶ ደግሞ ሃይላይት ነው። ሃይላይት አይቶ መተንተን ነውር የለውም፣ እኔም ክረምት ላይ አደርገዋለሁ፣ ግን የቀጥታ ስርጭት ነው አትበለኝ። ባሕር ዳርቻው ደግሞ ትልቁ ስታዲየም ነው። ዌምብሌይ የተቀመጠ ሁሉ ጎበዝ አስተላላፊ አይሆንም፤ ጅማ አባ ጅፋር ሲጫወት በደንብ ማስተላለፍ ያልቻለ ሰው እዚያ ቢወስዱትም ያው ነው።

«እነ ሞኔስ ባሕር ዳርቻ አልነበሩም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ነበሩ። ግን ለምን? ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሞኔ ያደገው ለ አቭር በምትባል የፈረንሳይ ወደብ ላይ ነው። ውጭ ወጥቶ እንዲስል የገፋፋው ሠዓሊ ኡዤን ቡዳንም የዚያው አካባቢ፣ የኦንፍለር ልጅ ነው። ባሕሩ ሰፈራቸው ነበር ማለት ነው። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ኮንስታብልም ብራይተን ባሕር ዳር መመላለስ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1824 የታመመች ሚስቱን አየሩ እንዲሻላት ብሎ እንጂ ባሕር ናፍቆት አይደለም። ከዚያ በፊት በ1821 እና በ1822 ለንደን አጠገብ ሃምፕስተድ ላይ ቆሞ ደመና ሲስል ነበር፣ ደመና ብቻ፣ ከብዙዎቹም ጀርባ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ነፋሱን ይጽፋል። ለእኔ ከማንም በላይ ፕሌን ኤር የገባው እሱ ነው።

ከፓሪስ ወደ ባሕሩ ለሚመጡት ሠዓሊዎች ደግሞ መንገዱ ቀለላቸው። ጆን ራንድ የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ በ1841 የሚጨመቅ የቆርቆሮ ቀለም ቱቦ አስመዘገበ፤ በ1847 የባቡር ሐዲዱ ለ አቭር ደረሰ። ቀለሙ ኪስ ገባ፣ ሰውየው ባቡር ገባ። «ተመስጦ» የምትሉት ነገር ግማሹ ትራንስፖርት ነው።

በሌላ በኩል የፕሌን ኤርን ሕግ የሚያጠብቁትም ያበዙታል። ሞኔ በ1870 ትሩቪል በተባለች የፈረንሳይ ባሕር ዳርቻ ላይ ከሳላቸው ሥዕሎች በአንዱ ቀለም ውስጥ እስከ ዛሬ የባሕር አሸዋ አለ፤ ነፋሱ የጣለበት ነው፣ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም። ግን ኢምፕሬሽኒዝም፣ የእነ ሞኔ የአሣሣል ስልት፣ ስሙን ያገኘበትን የ1872 የለ አቭር ንጋት የሳለው ከመስኮት ሆኖ ነው። ብዙ ሥራዎቹንም ቤት ወስዶ ይነካካቸው ነበር። ስለዚህ «አንዲት ብሩሽ ቤት ውስጥ ካረፈችበት ፕሌን ኤር አይደለም» የሚለውን ተዉት።

ጅማ ምን አለ ላልከኝ ወዳጄ፣ ማልደህ ወደ ቦዬ ረግረግ ውረድ። ጭጋጉ ረግረጉ ላይ ተኝቷል። ጀማሪ ነጭ ቀለም ይጨምቃል፣ ሸራው ኖራ የተቀባ ይመስላል። ጭጋግ ነጭ አይደለም። ፀሐይ በምትወጣበት በኩል ወደ ቢጫ ግራጫ ይሄዳል፣ በተቃራኒው ወደ ሰማያዊ ግራጫ። እኔ አልትራማሪን (ደማቅ ሰማያዊ) እና በርንት ሲዬና (ቀላ ያለ ቡናማ) ቀላቅዬ ግራጫውን እሠራለሁ፣ ነጩን በኋላ በጥቂቱ። ከፊት ያለው ሳር ብቻ ጠቆር ይላል፣ ከኋላ ያለው ኮረብታ ከሰማዩ በአንድ ደረጃ ቢለይ ነው። ይህን እየቀላቀልክ ፀሐይዋ ትበሳዋለች፣ አለቀ። ከፈለግክ ቀይ አፈር ባለበት ግቢ የተለሰነ ነጭ ግድግዳ እኩለ ቀን ላይ እይ፤ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ያለው ጥላ ቀላ ይላል፣ የአፈሩ ብርሃን ወደ ላይ ተመልሶ ነው። ይህን ፎቶው አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር አድርጎ ያልፈዋል።

ባሕር መሄድ አይጠቅምም አላልኩም። አድማሱ ክፍት ነው፣ ሰማዩን የሚሸፍን ነገር የለም፣ ውሃው የሰማዩን ለውጥ ወዲያው ያሳይሃል። አዲስ ቦታ ዓይንንም ያነቃል። ችግሩ እዚያ ብርሃኑ ከአሸዋውም ከውሃውም ይመታሃል፤ ሸራህን ፀሐይ ላይ ካቆምከው ቀለሙ ሁሉ የፈካ ይመስልሃል፣ ቤት ስታስገባው ጨለማ ሆኖ ታገኘዋለህ። ስለዚህ ሸራውን ጥላ ውስጥ አቁም። ቀለምህ አክሪሊክ፣ ማለትም በውሃ የሚቀጥንና ቶሎ የሚደርቅ ከሆነ ደግሞ፣ ቆላ ላይ መቀላቀያ ሳህኑ ላይ እያለ ይደርቅብሃል፣ ውሃ የምትረጭበት ጠርሙስ ያዝ። ጃንጥላ ካስፈለገህም ቀይና ሰማያዊውን ተወው፤ ቀለሙ ሸራህ ላይ ያርፍና የቀላቀልከውን ሁሉ ያሳስትሃል። ጥቁር ይሻላል።