በምርጫ ሰሞን ወሬን ማጣራት፦ የኬንያ ድርጅቶችና ማኅበራዊ ሚዲያ

ምርጫ ሲቃረብ “ሰላም እንሁን” የሚል ፖስት ይበዛል። ርግብ፣ ባንዲራ፣ የተጨባበጡ እጆች። ይህ ቀላሉ ሥራ ነው። ከባዱ ወሬ ሲነሳ ቶሎ አጣርቶ እውነቱን ለሚመለከተው ሰው ማድረስ ነው። በዚህ በኩል ለትርፍ ያልተቋቋሙ የኬንያ ድርጅቶች በአፍሪካ ቀደም ብለው ከጀመሩት መካከል ናቸው።

ሥራው የተጀመረው በክፉ ቀን ነው። በዲሴምበር 2007 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የፕሬዚዳንታዊው ምርጫ ውጤት ሲታወጅ አገሪቱ ታመሰች። ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ 600,000 ያህል ሰው ከቀየው ተፈናቀለ። መንግሥት የቀጥታ ስርጭት ሲከለክል ሰዉ ዜና የሚሰማው በእጅ ስልኩ ሆነ። ችግሩ፣ ጎሳን በጎሳ ላይ የሚያነሳሱ መልእክቶችም በዚያው ስልክ ይዞሩ ነበር።

በጃንዋሪ 2008 የሕግ ባለሙያዋ ኦሪ ኦኮሎህ ግጭት የተነሳባቸውን ቦታዎች በካርታ ላይ የሚያሳይ ነገር መሥራት የሚችል ሰው አለ ወይ ስትል በጦማሯ ጠየቀች። ጥሪዋን የሰሙ ባለሙያዎች በቀናት ውስጥ ኡሻሂዲ የተባለውን ድረ ገጽ አቆሙ። በ2010 ደግሞ ለሕገ መንግሥቱ ሕዝበ ውሳኔ በዚሁ ቴክኖሎጂ ላይ የተመሠረተው ኡቻጉዚ ሥራ ጀመረ። በኋላም በ2013ቱ ምርጫ በሰፊው ሠርቷል።

አሠራሩን በምሳሌ እንየው። ኬንያ ውስጥ ምርጫ ጣቢያ የሚከፈተው ጠዋት 12 ሰዓት ነው። አንድ መራጭ ሁለት ሰዓት ላይ “ጣቢያችን እስካሁን ዝግ ነው፤ ሆን ብለው ነው” ብሎ ትዊተር ላይ ጻፈ እንበል። አንዱ በጎ ፈቃደኛ ጽሑፉን ይለቅማል። ሌላው በስዋሂሊ ወይም በአካባቢው ቋንቋ ከሆነ ይተረጉማል። ሦስተኛው ጣቢያው የት እንዳለ ፈልጎ ካርታው ላይ ያስቀምጣል። ከዚያ የማጣራቱ ቡድን እዚያ አካባቢ ያለ ታዛቢን ይጠይቃል። ጣቢያው ዝግ መሆኑ እውነት፣ “ሆን ብለው ነው” የሚለው ግን ግምት ሊሆን ይችላል። እነዚህ ሁለቱ ካልተለያዩ ጠቡ የሚጀምረው እዚያው ሰልፉ ላይ ነው። ያልተጣራ መረጃ “ያልተረጋገጠ” ተብሎ ይለጠፋል፤ አስቸኳይ የሆነው ደግሞ ለሚመለከተው አካል ይተላለፋል።

ኡማቲ የተባለው ፕሮጀክት በ2012 ሲጀመር ትኩረቱ ሌላ ነበር። ፌስቡክን፣ ትዊተርንና ጦማሮችን በእንግሊዝኛ፣ በስዋሂሊና በሌሎች የአገሪቱ ቋንቋዎች የሚያነቡ ሰዎች ቀጥሮ፣ ወደ ጥቃት ሊያመራ የሚችል ንግግር ይመዘግብ ጀመር። ከተመዘገበው ከአሥር ዘጠኝ ያህሉ የተገኘው ፌስቡክ ላይ ነው። ትዊተር ላይ ግን የጥላቻ ቃል የጻፈን ሰው ሌሎች ተጠቃሚዎች ወዲያው ይረባረቡበት ነበር። አንዳንዱ ይቅርታ ይጠይቃል፣ አንዳንዱ አካውንቱን ይዘጋል። ፖሊስ ሳይመጣ ማለት ነው።

ስማርት ስልክ ለሌለው ሰውስ? ሲሲ ኒ አማኒ የተባለው ድርጅት መንገዱ ተራ የጽሑፍ መልእክት ነበር። የቴሌኮም ኩባንያው ሳፋሪኮም 50 ሚሊዮን ነጻ መልእክት ለገሰው። ድርጅቱ ከየሰፈሩ ነዋሪ ጋር እየተመካከረ መልእክቱን ያዘጋጃል፤ ናይሮቢ ተቀምጦ የጻፈው ነገር ሰፈር ውስጥ እንደማይሠራ ያውቃልና።

በ2013 ምርጫው በአብዛኛው በሰላም አለፈ። ግን አንድ ቅሬታ ቀረ። የመራጮች መለያ መሣሪያዎች በየቦታው ሲበላሹ፣ “ለምን?” ያለ ሁሉ ሰላም አደፍራሽ ተደርጎ ይታይ ነበር። ለእኔ ይህ ትችት ተገቢ ነው። ጥያቄን የሚያፍን የሰላም ዘመቻ ቅሬታውን ወደ ጓዳ ነው የሚገፋው። በ2017 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የኦገስቱን ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ሲሰርዝ፣ ጠያቂዎቹ ሁሉ ጠብ ፈላጊዎች እንዳልነበሩ ታየ።

በ2022 መድረኩ ወደ ቲክቶክና ዋትስአፕ ሰፋ፤ የማጣራቱ ሥራም እንዲሁ። አፍሪካ ቼክ፣ ፔሳቼክና ሌሎችም መረጃ አጣሪ ድርጅቶች የተቀነባበሩ ፎቶዎችንና የሐሰት ውጤቶችን ያጋልጡ ነበር። ፔሳቼክ በአማርኛም ስለሚሠራ ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ግሎባል ዊትነስና ፎክስግሎቭ የተባሉት ለትርፍ ያልተቋቋሙ ድርጅቶች ደግሞ ፌስቡክን ራሱን ፈተኑት። የጥላቻ ንግግር የያዙ ማስታወቂያዎችን አስገቡ፤ ፈቃድ ካገኙ በኋላ ለሕዝብ ሳይታዩ አነሷቸው። የስዋሂሊዎቹ አለፉ። ከእንግሊዝኛዎቹ አንዳንዶቹ መጀመሪያ የተመለሱት በሰዋስውና በስድብ ምክንያት ነበር፤ ሲስተካከሉ እነሱም አለፉ። ከዚያ ቀደም ብሎ በአማርኛ የተደረገው ተመሳሳይ ሙከራም ውጤቱ ያው ነበር።

በዚያው ዓመት የምርጫ ኮሚሽኑ የየጣቢያውን ውጤት ቅጾች በድረ ገጹ ለሕዝብ ክፍት አደረገ። ከ46,000 በላይ ጣቢያዎች ናቸው። “የእኛ ሰፈር ውጤት ተቀይሯል” የሚል ስክሪንሾት ሲዞር፣ አጣሪው ቅጹን አውርዶ ቁጥሩን ጎን ለጎን ማሳየት ቻለ። የዋትስአፕ የቤተሰብና የሰፈር ግሩፖች ግን ለአጣሪ ዝግ ናቸው። እዚያ የሚዞረውን ማየት የሚቻለው ከአባላቱ አንዱ “ይህ እውነት ነው?” ብሎ ሲልክ ብቻ ነው።