የጥቅም ግጭትና የሥነ ምግባር ሥልጠና በወረዳና በቀበሌ

የጥቅም ግጭት ማለት አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው በሚወስነው ጉዳይ ላይ የራሱ ወይም የሚቀርበው ሰው ጥቅም ሲገባበት ነው። ከጉቦ ይለያል። ጉቦ የተቀበለ ሰው ጥፋት ፈጽሟል፤ የጥቅም ግጭት ውስጥ ያለ ሰው ግን ገና ምንም አላጠፋ ይሆናል። የወረዳ ግዥ ኮሚቴ አባል የሆነ ሰው የጨረታ ፖስታው ሲከፈት ከተጫራቾቹ አንዱ የሚስቱ ወንድም ሆኖ ቢያገኘው ጥፋተኛ አይደለም። ጥፋቱ የሚጀምረው ዝም ብሎ ነጥብ መስጠቱን ሲቀጥል ነው። የሕጎቹም የሥልጠናውም ዓላማ ይህ ዝምታ እንዳይኖር ማድረግ ነው።

በኢትዮጵያ የጉዳዩ መሠረት የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ነው፤ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን እንዳለበት ይደነግጋል። የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን በ1993 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ክልሎችም በየጊዜው የራሳቸውን ኮሚሽን አቋቁመዋል። ኮሚሽኑ መጀመሪያ ላይ ምርመራና ክስንም ይዞ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ግን ይህ ሥልጣን ወደ ሌሎች አካላት ተዛውሮ ትኩረቱ ወደ መከላከል፣ ወደ ሥልጠናና ወደ ሀብት ምዝገባ ዞረ። የሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 668/2002 ተሿሚዎች፣ ተመራጮችና በአዋጁ የተለዩ ሠራተኞች የራሳቸውንና የቤተሰባቸውን ሀብት እንዲያስመዘግቡ ያስገድዳል። የግዥ ሕጉም በግዥ የሚሳተፍ ሠራተኛ የጥቅም ግጭት ሲኖርበት እንዲያሳውቅ ያዛል። ሠራተኛው ሲያጠፋ የዲሲፕሊን ቅጣቱ ከቃል ማስጠንቀቂያ ተነሥቶ እስከ ሥራ ስንብት ይደርሳል።

የሀብት ምዝገባ አዋጁ ቤተሰብ የሚለው በዋናነት የትዳር ጓደኛንና ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችን ነው። ለሀብት ምዝገባ ይህ ይበቃ ይሆናል። በቀበሌ ደረጃ ውሳኔ የሚያጣምመው ዝምድና ግን ከዚህ እጅግ ይሰፋል። የቀበሌ ሥራ አስኪያጅ ከፊቱ የቆመው ባለጉዳይ አበልጁ፣ የእድሩ ዳኛ፣ የእቁቡ ጸሐፊ፣ ወይም እናቱ በታመሙ ጊዜ ሌሊት ቃሬዛ የተሸከመ ጎረቤት ሊሆን ይችላል። ለጋብቻ ሲሆን ሰባት ቤት ቆጥረን ዘመድ ነው፣ አይሆንም እንላለን። መሬት ሲለካና ስም ሲመዘገብ ግን ያንን ቆጠራ እናቆመዋለን። ሕጉ የማያውቀውን ይህን ዝምድና አካባቢው በደንብ ያውቀዋል፤ ስለዚህ በታችኛው እርከን የአዋጅ ቁጥር ከመሸምደድ ይልቅ በጉባኤ ፊት በግልጽ መናገር የበለጠ ይሠራል።

ይህን ምግብ የሚያጥራቸውን ቤተሰቦች በሚደግፈው የሴፍቲኔት መርሐ ግብር አሠራር ማየት ይቻላል። መርሐ ግብሩ በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር የተጠቃሚዎች ምልመላ ለቀበሌና ለማኅበረሰብ የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል ተሰጠ። መልማዮቹ የመንደሩ ሰዎች ናቸው፤ ማን በሬ እንዳለው፣ የማን ልጅ ከከተማ ብር እንደሚልክ ያውቃሉ። ዕውቀታቸው የሚጠቅመውን ያህል ዝምድናቸው ያሰጋል። ስለዚህ አሠራሩ ሁለት ነገር ጨመረ። አንደኛው የተመረጡት ስም ዝርዝር በሕዝብ ስብሰባ እንዲነበብ ማድረግ ነው። የግብረ ኃይሉ አባል የእህቱን ስም ከመበለቲቱ ስም አስቀድሞ ጽፎ ከሆነ፣ ዝርዝሩ ዛፍ ሥር ሲነበብ መበለቲቱም ጎረቤቶቿም እዚያው ተቀምጠዋል። ሁለተኛው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴውን ከመልማዮቹ መለየት ነው፤ የመረጠው ሰው በራሱ ምርጫ ላይ የቀረበውን ቅሬታ እንዳይሰማ። ይህ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። አንድ ትንሽ ቀበሌ ውስጥ ግን ከየትኛውም ወገን ጋር የማይዛመዱ ሰዎችን ማግኘት ከባድ ነው።

በገጠር መሬት አስተዳደር ኮሚቴዎችም ሁኔታው ተመሳሳይ ነው። ድንበር የሚያረጋግጡት የኮሚቴ አባላት ራሳቸው ገበሬዎች ናቸው፤ አንዳንዴም የአንዱ አባል ማሳ የሚዋሰነው የሚለካውን መሬት ነው። በከተማ ደግሞ ግጭቱ መልኩን ቀይሮ በጉዳይ ገዳይ በኩል ይመጣል። የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው ባለሙያ ከቢሮ ሰዓት በኋላ ጉዳይ ገዳይ ላመጣለት ሰው ፕላን የሚሠራ ከሆነ፣ ያው ፕላን ጠዋት እሱ ጠረጴዛ ላይ ይቀርባል።

ሥልጠናውን በየመሥሪያ ቤቱ የሚያስተባብሩት የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍሎች ናቸው፤ በፌዴራል ደረጃ አሠራራቸው በደንብ ቁጥር 144/2000 ተወስኖ ነበር። ደንቡ የክፍሉን ተጠሪነት ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ አድርጎት ነበር፤ ተቆጣጣሪው ሊቆጣጠረው ከሚገባው ሰው ሥር መዋሉ እንደ ትልቅ ድክመት ሲነሣ ቆይቷል፤ እኔም ትችቱ ትክክል ነው እላለሁ። የሥልጠናው እምብርት አሥራ ሁለቱ የሥነ ምግባር መርሆዎች ናቸው፦ ቅንነት፣ ታማኝነት፣ ግልጽነት፣ ምስጢር መጠበቅ፣ ሐቀኝነት፣ ተጠያቂነት፣ የሕዝብን ጥቅም ማስቀደም፣ በሕግ በተሰጠ ሥልጣን መገልገል፣ አለማዳላት፣ ሕግን ማክበር፣ ምላሽ ሰጪነት፣ አርአያ መሆን። በብዙ ቢሮ ግድግዳ ላይ ተለጥፈዋል። በፕሮጀክተር አሥራ ሁለቱንም አንብቦ ለሻይ መውጣት ግን ሥልጠና አይባልም። መርሆዎቹን በቃሉ የያዘ ሠራተኛ ነገ የአበልጁ ማመልከቻ ሲደርሰው ምን ብሎ እንደሚመልስ አያውቅም፤ ይሉኝታው ደግሞ አፉን ይይዘዋል።

የሚጠቅመው ሥልጠና በጉዳይ ላይ የተመሠረተ ነው። ሠልጣኞቹ የቅጥር ኮሚቴ ሆነው ይቀመጣሉ፤ ከአመልካቾቹ አንዷ የአንዱ አባል የአጎት ልጅ ትሆናለች፤ አባሉ ምን ብሎ እንደሚናገር፣ ሰብሳቢው ምን እንደሚል፣ ምትኩ ማን እንደሚሆን ይለማመዳሉ። ዝምድናን ገልጦ ከውሳኔ መነሣት አዲስ አይደለም፤ ዳኞች ከተከራካሪ ጋር የሥጋ ወይም የጋብቻ ዝምድና ሲኖራቸው ከችሎት ይነሣሉ፤ ባለጉዳዩም ይነሡልኝ ብሎ ያመለክታል። ይኸው ልማድ ወደ ኮሚቴ ክፍል ሲገባ ለሰውየውም እፎይታ ነው፤ ዘመዱ ቤት ሲሄድ «እኔ አልነበርኩበትም» ለማለት ያስችለዋል፤ ቂምም አያተርፍም። ዝምድናውን ደብቆ የሚወስን ሰው አይቶ የሚጠቁም ሠራተኛም፣ ጉዳዩ ከባድ የሙስና ወንጀል ሲሆን፣ ከለላ አለው፤ የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ይጠብቀዋል።

የመነሣቱ ማስረጃ ቃለ ጉባኤ ነው። አጻጻፉ ረጅም መሆን አያስፈልገውም፦ «የኮሚቴው አባል ከ3ኛዋ ተወዳዳሪ ጋር ዝምድና እንዳላቸው ገልጸው ነጥብ ከመሰጠቱ በፊት ከክፍሉ ወጥተዋል፤ በምትካቸው ተለዋጭ አባል ተገኝተዋል»። ከሥር ፊርማ፣ ቀንና ማኅተም።