ዝናብ፣ ኩርባ እና ጎማ፦ ስለ ስፖርት ሞተር ጎማ ተሳስተን የምናምናቸው ነገሮች

በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ነው። ዝናቡ ገና ማካፋት ሲጀምር ከቤት ወጣሁ። አንድ አደባባይ ስዞር የኋላ ጎማዬ ዜብራው ላይ ሸርተት አለ፣ ከዚያ እኔም ሞተሯም አስፋልት ላይ ነን። እኔ ጉልበቴ ተላጠ፣ የኔዋ ያማሃ አር6 ደግሞ ፕላስቲኳ። የሚያናድደው ጎማው አዲስ ነበር። ማለቴ አዲስ ነው ተብሎ ነው የተሸጠልኝ፤ ማሸጊያው እንኳን አልተቀደደም ነበር። ቤት ገብቼ ጎኑ ላይ የተጻፈውን ሳየው 1417 ይላል። በፈረንጅ 2017፣ 14ኛው ሳምንት ላይ የተሠራ ማለት ነው። ሰባት ዓመት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ነው የጠበቀኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ጎማ የሚወራውን ሁሉ ማጣራት ያዝኩ። ግማሹ ስህተት ነው። እኔ ራሴ ለሰው ስመክረው የነበረው ሳይቀር።

“ጥርሱ የበዛ ጎማ የበለጠ ይይዛል”

ይሄ የሁሉም አባት ነው። አስፋልቱን የሚይዘው ላስቲኩ ነው። ጥርስ የምንለው ቦይ ሥራው ውሃውን ከሥር ማስወጣት ብቻ ነው። እንዲያውም በደረቅ መንገድ ቦዩ መሬት የሚነካውን ላስቲክ ይቀንሳል። ሞቶ ጂፒ በሚባለው የዓለም የሞተር ውድድር ላይ ፀሐይ ሲሆን ጭራሽ ጥርስ በሌለው መላጣ ጎማ የሚሮጡት ለዚህ ነው። ሲዘንብ ጥርስ ያለው ያስገባሉ፣ እውነት ነው፤ ግን የዝናቡ ጎማ ላስቲኩም ሌላ ነው፣ በጣም ለስላሳ። መንገዱ መድረቅ ሲጀምር ጎማው ይግልና ቶሎ ይበላል፣ ያኔ ልጆቹ ቀጥታው ላይ ውሃ ያለበትን እየፈለጉ ይነዳሉ፣ ጎማውን ለማቀዝቀዝ።

በእኛ የመንገድ ጎማ ላይ በዝናብ የሚያግዘን ሲሊካ የሚባል ነገር ነው። ላስቲኩ ውስጥ ይደባለቃል፣ በብርድ ጊዜ ላስቲኩ ድርቅ እንዳይል ያደርገዋል፣ እርጥብ አስፋልትም ላይ የተሻለ ይነክሳል። ስለዚህ ሱቅ ገብታችሁ ጥርስ ከመቁጠር ስለ ሲሊካው ጠይቁ። ሻጩ ግራ ከገባው ስልካችሁን አውጡና የጎማውን ሙሉ ስም ፈልጉ።

ጥርስ አያስፈልግም አላልኩም። ውሃ የተኛበት መንገድ ላይ ያለቀ ጎማ ውሃውን የሚያስወጣበት የለውም፣ ይንሳፈፋል። ሕጉ የቦዩ ጥልቀት እንግሊዝ አገር ለትልቅ ሞተር ቢያንስ 1 ሚሊ ሜትር፣ ጀርመን 1.6 ይላል። እኔ ወደ 2 ከወረደ ክረምቱን አላሳልፍበትም።

“የሬስ ጎማ ካሰርኩ ለሁሉም ይበቃኛል”

አንድ ጓደኛዬ ፒሬሊ ዲያብሎ ሱፐርኮርሳ የሚባል የሬስ ጎማ ከውጭ አስመጣ። (እናቱ “ዲያብሎ” የሚለውን አንብበው ሞተሯን ጠበል ሊረጯት ነበር።) ጎማው ምርጥ ነው፣ ሲሞቅ። ተወዳዳሪዎች ሰርኪት (የውድድር መንገዱ) ላይ ከመውጣታቸው በፊት በኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ ጠቅልለው 80 እና 90 ዲግሪ የሚያደርሱት ያለ ምክንያት አይደለም። ሐምሌ ላይ ጠዋት አዲስ አበባ 11 ወይም 12 ዲግሪ ነው፣ አስፋልቱ እርጥብ ነው፣ ከቤት እስከ ሥራ ደግሞ በትራፊክ መሃል እየቆሙ እየተነሱ ነው። ጎማው የሚሞቅበት ጊዜ የለም። ቀዝቃዛ የሬስ ጎማ ደግሞ ከተራው ጎማ ሊብስ ይችላል።

ብዙ ጊዜ የሚጠቅመን እንደ ሚሽሊን ሮድ 6 ያለው ስፖርት ቱሪንግ የሚባለው ነው። ልጆቹ የሽማግሌ ጎማ ይሉታል። ይበሉ። ቶሎ ይሞቃል፣ በዝናብ ይይዛል፣ መሃሉ ጠንከር ብሎ ጎንና ጎኑ ለስለስ ስላለ ቀጥታው ላይ ቶሎ ሳያልቅ ኩርባ ላይ ይነክሳል። ዓባይ በረሃን የወረደ ሰው ምን እንደምል ይገባዋል፤ ጎሐ ጽዮን ላይ ጃኬት እስከ አንገት ዘግታችሁ ትነሳላችሁ፣ ታች ድልድዩ ጋ ስትደርሱ ምድጃ ነው፣ በመሃል ኩርባ በኩርባ። አንዱ ጎማ ለሁለቱም መሆን አለበት። በክረምት ሞተሩን የማያወጣ፣ እሁድ እሁድ ብቻ በፀሐይ ደብረ ሊባኖስ ደርሶ የሚመለስ ከሆነ ዲያብሎ ሮሶ 4 ዓይነቱን ስፖርት ጎማ ቢያስር አልከራከረውም።

“ሲዘንብ ንፋስ ቀንስ”

አትቀንሱ። ጎማው ሲላላ ይጨማደድና ቦዮቹ ይጠባሉ፣ ውሃው መውጫ ያጣል፣ መሪውም ይከብዳል። ወሬው የመጣው ከሰርኪት ነው፤ እነሱ በደረቅ ቀን የኋላውን ንፋስ ወደ 30 ፒኤስአይ (የንፋስ መለኪያው ላይ ያለው ቁጥር) አካባቢ የሚያወርዱት ጎማው በጣም ስለሚግል ነው። ያማሃ ለአር6 የሚለው ፊት 36፣ ኋላ 42 ነው። የእናንተን መመሪያው ላይ እዩ። የሚለካው ደግሞ ጠዋት ሳይነዳ ነው፤ ጎሚስታ ጋ ነድታችሁ ከደረሳችሁ በኋላ የምታዩት ቁጥር የሞቀ ጎማ ቁጥር ነው።

“ሰፊ ጎማ ኩርባ ላይ ይይዛል”

180 የሚወስድ 5.5 ኢንች ቸርኬ ላይ 190 ሲታሰር ጎኖቹ ይጨመቁና ቅርጹ ይበላሻል። ሞተሩ ለመጋደል እንቢ ይላል። ከኋላ ሲታይ ያምራል፣ አለቀ።

“ጠርዙ ካልተበላ መንዳት አትችልም”

ካፌ በር ላይ ሞተር ሲቆም መጀመሪያ የሚታየው የኋላ ጎማ ጠርዝ ነው። ያልተነካ ላስቲክ ካለ ሳቅ ነው። ሒሳቡ ግን እንዲህ ነው፦ 45 ዲግሪ አጋድላችሁ ስትዞሩ ወደ ጎን የሚገፋው ኃይል ከእናንተና ከሞተሩ ክብደት ጋር እኩል ይሆናል። 30 ዲግሪ ላይ ግን ከግማሽ ትንሽ ነው የሚበልጠው። እርጥብ አስፋልት፣ ያውም ከድርቅ በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ የናፍታውንና የዘይቱን ቅባት ሲያነሳው፣ ያንን 45 አይሸከምም። ስለዚህ ነሐሴ ላይ ጠርዙ ያልተነካ ጎማ ካያችሁ ባለቤቱ የሚያውቅ ሰው ነው።

“አዲስ ጎማ ወዲያው ይነክሳል”

አዲስ ጎማ ላዩ ልሙጥ ነው። የመጀመሪያውን 150 ኪሎ ሜትር ያህል ቀስ እያላችሁ፣ ማጋደሉን እየጨመራችሁ ንዱት። “አዲስ” መሆኑን ደግሞ በማሸጊያው ሳይሆን በአራቱ ቁጥሮች አረጋግጡ። ሚሽሊን ከ5 ዓመት በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ ይታይ፣ ከ10 ዓመት በላይ ደግሞ አይነዳበት ይላል። ላስቲክ ሲያረጅ ይደርቃል፣ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም።

አንድ ነገር ቀረኝ። ባለፈው ላቫጆ ሄጄ ልጁ ሞተሯን ጥንቅቅ አድርጎ አጠበና የሚያብለጨልጭ ቅባት በስፖንጅ ይዞ ጎማው ጋ ቁጭ አለ። “ጋሼ፣ ጥቁር ላድርግሎት?” አለኝ። እጁን ነው የያዝኩት። በዚያ ቅባት የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ነው የምዘረጋው። ቸርኬውን እንደፈለግህ፣ ጎማውን ግን እንዳትነካው አልኩት። ለቅባቱ ላለመክፈል መስሎት “በነፃ ነው እኮ!” አለኝ።