ህልም ወይስ ፍቅር? በሙዚቃዊ የፍቅር ፊልሞች ላይ የምንሳሳተው

አንድ ጓደኛዬ «ላ ላ ላንድ»ን አይቶ ሲጨርስ ላፕቶፑን ጥርቅም አድርጎ ዘጋና «በቃ፣ ህልምህን ከፈለግህ ፍቅርን እርሳው ነው የሚለው» አለኝ። ንዴቱ የምር ነበር። ያን ማታ ስንከራከር አመሸን። ከዚያ ወዲህ ይህንኑ ነገር ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። ሁሉም ፊልሙን ወዶታል፤ ግን ፊልሙ ያላለውን ነው የሰማው።

እስቲ ስለ እነዚህ ፊልሞች ደጋግሜ ከምሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች ጥቂቱን ላንሳ። አስቀድሜ ልናገር፤ መጨረሻቸውን ሳልነግራችሁ መጻፍ አልችልም። ያላያችሁት ካለ በኋላ እንዳትወቅሱኝ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

«ዘፈንና ጭፈራ ያለበት ፊልም መጨረሻው ሁሌ ደስታ ነው»

ይሄ ከድሮ የሆሊውድ ፊልሞች የተረፈ እምነት ነው። እውነትም በ1952ቱ «ሲንጊን ኢን ዘ ሬይን» ሰውዬው ሥራውም ይሰምርለታል፣ ልጅቷንም ያገኛል። በ1964 ግን ፈረንሳዊው ዣክ ዴሚ «የሸርበር ጃንጥላዎች»ን ይዞ መጣ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ንግግሩ ሁሉ ይዘፈናል። የግድግዳው ቀለም ራሱ ከረሜላ ይመስላል። ፍቅረኞቹ ግን አይጋቡም። ፊልሙ በዚያው ዓመት የካን ፌስቲቫልን ትልቁን ሽልማት ወሰደ።

«አሳዛኝ መጨረሻ ለገበያ ነው» የሚሉም አሉ። በ1977 ማርቲን ስኮርሴዚ የሠራውን «ኒውዮርክ፣ ኒውዮርክ» ተመልከቱ። ላይዛ ሚኔሊ ዘፋኝ ናት፣ ሮበርት ዲ ኒሮ ሳክስፎን ይጫወታል። ከተለያዩ ከዓመታት በኋላ ሊገናኙ ይቀጣጠራሉ። እሱ ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። እሷ እስከ በሩ ድረስ መጥታ ትመለሳለች። የ«ስታር ዋርስ» ዳይሬክተር ጆርጅ ሉካስ ለስኮርሴዚ «ሁለቱ ተያይዘው ቢሄዱ 10 ሚሊዮን ዶላር ተጨማሪ ታስገባ ነበር» እንዳለው ይነገራል። ስኮርሴዚ አልለወጠውም። ፊልሙም ገበያ አልቀናውም።

«ላ ላ ላንድ የሚለው፦ ከህልምህና ከፍቅርህ አንዱን ምረጥ ነው»

የጓደኛዬ ክርክር ይኸው ነበር። ዳሚየን ሻዜል በ2016 ያወጣው ይህ ፊልም ለ14 ኦስካር ታጭቶ 6ቱን ወስዷል። ሻዜል በ32 ዓመቱ ምርጥ ዳይሬክተር ተባለ፤ በኦስካር ታሪክ ከእሱ በዕድሜ ያነሰ አሸናፊ የለም። ሁላችንም አይተነዋል ማለት ይቻላል። ግን ምን እንደተፈጠረ በቅደም ተከተል እናስታውስ።

ሚያ ካፌ ውስጥ እየሠራች በየፈተናው የምትወድቅ ተዋናይ ናት። ሴባስቲያን የራሱን የጃዝ ክለብ መክፈት የሚመኝ ፒያኒስት ነው። የራሷን ቲያትር እንድትጽፍ የገፋፋት ማነው? እሱ። ለክለቡ ስም ያወጣችለትና አርማውን የሣለችለትስ? እሷ። እሱማ የመረጠው ስም «በእንጨት ላይ የተሰካ ዶሮ» ዓይነት ነገር ነበር። የምር ነው! እሷ ባትኖር ኖሮ ያ ክለብ በምን ስም ይከፈት እንደነበር አስቡት። በመጨረሻ ክለቡ ሲከፈት በሩ ላይ የተሰቀለው እሷ የሣለችው አርማ ነው።

ፍቅራቸው ህልማቸውን አልገደለውም። እንዲያውም ጉልበት የሆነው እሱ ነው።

ታዲያ ምን አጣላቸው? አንድ የስልክ ጥሪ። ሚያ ከእናቷ ጋር ታወራለች። እናት ስለ ልጁ ገቢ ይጠይቃሉ። ሚያ ቋሚ ሥራ እንደሌለው፣ ግን መላ እንደማያጣ ትናገራለች። ሴባስቲያን በሌላኛው ክፍል ሆኖ ይሰማል። ከዚያ ሄዶ የማይወደውን ሙዚቃ የሚጫወት ባንድ ይቀላቀላል። እሷ ግን እንዲህ አድርግልኝ አላለችም። እሱም «የምትፈልጊው ይህንን ነው?» ብሎ አልጠየቃት። ገንዘብ ገባ፣ ጉዞ መጣ፣ ቤቱ ባዶ ሆነ። የእሷ ቲያትር በሚታይበት ምሽት እሱ ለባንዱ ፎቶ ሲነሣ ነበር፤ ቀጠሮውን ረስቶታል።

እኔ እዚህ ውስጥ የማየው የሁለት ፍላጎቶችን ጦርነት አይደለም። ያልተጠየቀ ጥያቄና ያልተገጣጠመ ሰዓት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣውን ደግሞ ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሚያ ተስፋ ቆርጣ ወላጆቿ ቤት ኔቫዳ ትገባለች። ለትልቅ ፊልም ትፈለጊያለሽ የሚለው ስልክ የሚደወለው ለእሱ ነው። ያኔ ተለያይተዋል። ዝም ሊል ይችል ነበር። እሱ ግን መኪናውን አስነሥቶ፣ በአንድ ወቅት «ከቤተ መጻሕፍቱ ፊት ለፊት» ብላ የነገረችውን ቤት አፈላልጎ፣ ደጃፉ ላይ ጥሩምባውን ይነፋል። ለፈተናውም ያደረሳት እሱ ነው። ህልሟ የሚፈታው በቀድሞ ፍቅረኛዋ መኪና ተሳፍራ ነው።

ከፈተናው በኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ስለ ነገ ይነጋገራሉ። «እንምረጥ» የሚል የለም፤ የሚባለው «እናያለን» ነው። ቀጥሎ ፊልሙ 5 ዓመት ይዘላል። እንዴት እንደተለያዩ አያሳየንም። ያንን ክፍተት የሞላነው እኛ ነን፣ በየራሳችን ቁስል።

«መጨረሻ ላይ ያየነው ቢጋቡ ኖሮ የሚያገኙትን ሙሉ ደስታ ነው»

ሚያ ከባሏ ጋር በአጋጣሚ ክለቡ ትገባለች። ሴባስቲያን ፒያኖ ሲነካ ሕይወታቸው እንደገና በምናብ ይጀመራል። በምናቡ ሁሉም ነገር ልክ ነው። የመጀመሪያው ቀን ላይ ይሳሳማሉ፣ የባንዱን ግብዣ አይቀበልም፣ የእሷ ቲያትር ሞልቶ ይጨበጨባል፣ ፓሪስ አብሯት ይሄዳል፣ ልጅ ይወልዳሉ። ሰው እዚህ ጋ ያለቅሳል። እኔም አልቅሻለሁ፤ አልዋሽም።

በሁለተኛው ጊዜ ግን አንድ ነገር አየሁ። በዚያ ምናብ መጨረሻ ሁለቱ ክለብ ገብተው እንደ ማንኛውም ደንበኛ ይቀመጣሉ። ፒያኖውን የሚጫወተው ሌላ ሰው ነው። ክለቡ የሴባስቲያን አይደለም! የእሷ ህልም ተሳክቷል፣ ፍቅራቸው ተሳክቷል፣ የእሱ ህልም ግን ከሥዕሉ ወጥቷል። ምናቡ ራሱ ሁሉንም ነገር መያዝ አልቻለም። ከዚያ ሙዚቃው ያልቃል፣ እሷ በሩ ላይ ዞር ትላለች፣ ፈገግ ይባባላሉ። የተቆጩ ሰዎች ፈገግታ አይመስለኝም።

«ዘፈኑ ታሪኩን የሚያቆም ማጣፈጫ ነው»

በአጭሩ፦ አይደለም። ዝነኛው «ሲቲ ኦቭ ስታርስ» መጀመሪያ የሚሰማው ሴባስቲያን ብቻውን ሲዘፍነው ነው። ሁለተኛ ጊዜ አብረው ፒያኖ ላይ ተቀምጠው ይዘፍኑታል። እራት ላይ ሲጣሉ ግን አንድም ዘፈን የለም። ሸክላው አልቆ መርፌው ብቻውን ይንቋቋል፤ ምድጃ ውስጥ የተረሳው ምግብ አርሮ የጭስ ማንቂያው ይጮኻል። ብቸኝነት፣ ጥምረት፣ ዝምታ። ታሪኩን በዘፈኑ ብቻ መከተል ትችላላችሁ።

(በነገራችን ላይ «የሸርበር ጃንጥላዎች» ሲጀምር አንድ መካኒክ ኦፔራ እንደማይወድ፣ ሰው ሁሉ ሲዘፍን እንደሚያመው፣ ሲኒማ እንደሚሻለው ይናገራል። ይህንን የሚለው እየዘፈነ ነው።)

«አንዱ ሲወጣ ሌላው መውደቁ አይቀርም»

ለዚህ ሁሌ የሚጠቀሰው «አ ስታር ኢዝ ቦርን» ነው። ታሪኩ በ1937 ሲሠራ ሙዚቃዊ አልነበረም። በ1954 ከጁዲ ጋርላንድ፣ በ1976 ከባርብራ ስትራይሳንድ፣ በ2018 ከሌዲ ጋጋ ጋር ሙዚቃዊ ሆኖ ተመልሷል። ዝነኛው ወንድ አዲሷን ሴት ያገኛታል፣ እሷ ትነሣለች፣ እሱ ይጠፋል። እናም ሰው «የእሷ ስኬት ገደለው» ይላል።

የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ልብ በሉ። በ1954ቱ ፊልም ሰውዬው ገና ሲገባ ሰክሯል። በ2018ቱም ብራድሊ ኩፐር እሷን የሚያገኛት መጠጥ ፍለጋ በገባበት ቤት ነው። ውድቀቱ ከትውውቃቸው ይቀድማል። ሱስ ነው የሚገድለው። እሷማ ሥራዋን ትታ ልታስታምመው ነበር የተዘጋጀችው። ግን ሸክም ሆንኩባት ብሎ አሰበ። እዚህም ቁጭ ብለው አልተነጋገሩም።

ከእነዚህ ይልቅ ነገሩን ገልጦ የሚያሳየኝ የ1973ቱ የህንድ ፊልም «አቢማን» ነው። አሚታብ ባችቻን ዝነኛ ዘፋኝ ነው። የሚያገባት ልጅ፣ ጃያ ባዱሪ፣ ከእሱ የተሻለ ድምፅ አላት። ወደ መድረክ የሚያወጣት ራሱ ነው። ሕዝቡ እሷን ሲወድ ግን ቅናት ይይዘዋል። እሷም ትዳሯን ለማዳን መዝፈን ታቆማለች።

ህልም ለፍቅር ተሠዋ ማለት ነው። «ምረጥ» ባዮቹ ትክክል ቢሆኑ ትዳሩ እዚህ ላይ መዳን ነበረበት። አልዳነም። ቅናቱ እንዳለ ነው፤ እንዲያውም ይለያያሉ፣ እሷ ጽንሷን ታጣለች፣ ድምፅም ሳቅም ይጠፋባታል። የሚታረቁት መድረክ ላይ እንደገና አብረው ሲዘፍኑ ነው። የሚገርመው ሁለቱ ተዋንያን በእውነተኛው ዓለም የተጋቡት በዚያው ዓመት ነው።

«ካልተጋቡ ፍቅሩ ከሽፏል»

በ2007 የወጣው የጆን ካርኒ «ዋንስ» በ17 ቀን የተቀረፀ ትንሽ ፊልም ነው። ደብሊን ውስጥ መንገድ ላይ ጊታር የሚጫወት ሰውና ከቼክ የመጣች ፒያኖ የምትጫወት ሴት ይገናኛሉ። ስም እንኳን የላቸውም። ተዋንያኑ ግሌን ሃንሳርድና ማርኬታ ኢርግሎቫ ሙዚቀኞች ናቸው፤ «ፎሊንግ ስሎውሊ» የተባለው ዘፈናቸው ኦስካር አግኝቷል። በፊልሙ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳን አይሳሳሙም። ባልሽን ትወጂዋለሽ ወይ ብሎ ሲጠይቃት በቼክኛ ትመልስለታለች። ትርጉም አልተጻፈበትም፤ እሱም አልገባውም። ያለችው «የምወደው አንተን ነው» ነበር።

እሱ የተቀረፀውን ሙዚቃ ይዞ ወደ ለንደን ይሄዳል። ከመሄዱ በፊት ግን ፒያኖ ገዝቶ ይልክላታል። እሷ ቤት ፒያኖ አልነበረም፤ የሙዚቃ መሣሪያ መሸጫ ሱቅ እየሄደች ነበር የምትጫወተው። እስቲ ይህንን ክሽፈት በሉት!

ወደ ሸርበር ልመለስ። ብዙ ሰው የፊልሙ ወንድ ፍቅረኛ ጊ ፍቅሩን አጥቶ በሌላ ሴት የተጽናና ምስኪን ይመስለዋል። ከፍቅረኛው ከዤኔቪዬቭ የለየው ህልም አልነበረም። ለአልጄሪያ ጦርነት ተጠርቶ ሄደ፣ ደብዳቤው ቀነሰ፣ እሷ ደግሞ አርግዛለች፣ የእናቷ የጃንጥላ ሱቅ ዕዳ ነበረበት፣ ሀብታም የጌጣጌጥ ነጋዴ ለጋብቻ ጠየቃት።

ፊልሙ ሲጀምር ግን ጊና ዤኔቪዬቭ ስለ ነገ እያለሙ ነበር። ነዳጅ ማደያ እንገዛለን፣ ሴት ልጅ ከወለድን ፍራንስዋዝ እንላታለን ይባባላሉ። በመጨረሻው ትዕይንት ጊዜው ታኅሣሥ 1963 ነው፣ በረዶ ይጥላል። ዤኔቪዬቭ መኪናዋን ነዳጅ ልታስሞላ ትቆማለች። ማደያው የጊ ነው። መኪናው ውስጥ የተቀመጠችው ልጁ ፍራንስዋዝ ትባላለች። ልታያት ትፈልጋለህ ወይ ትለዋለች፤ አይ ይላል። ደህና ነህ ትለዋለች። በጣም ደህና ነኝ ይላል። መኪናው ይሄዳል፣ ሚስቱና ትንሽ ልጁ ይመለሳሉ፣ እሱም ከልጁ ጋር በረዶ ላይ መጫወት ይጀምራል። የልጁ ስም ፍራንስዋ ነው።