ቬንደሊን ግሪምና ቤተሰቡ፦ ብርድ ያልበገረው አልፋልፋ የወጣበት ቤት

ቬንደሊን ግሪም (1818–1890) ከጀርመን ባደን ተነሥቶ በአሜሪካዋ የሚኒሶታ ግዛት፣ ካርቨር ካውንቲ የሰፈረ ገበሬ ነው። ስሙ ዛሬም የሚነሣው «የግሪም አልፋልፋ» በተባለው የመኖ ዘር ነው። የሰሜን አሜሪካን ጽኑ ብርድ ችሎ ዓመት ከዓመት የሚያቆጠቁጥ አልፋልፋ በስፋት የተገኘው ከእርሱና ከጎረቤቶቹ ማሳ ሲሆን፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የሰሜኑ የወተት ከብት እርባታ ትልቅ ክፍል በዚህ ዘር ላይ ቆሞ ነበር። ግሪም ይህን ሁሉ ሳያይ ነው የሞተው።

አልፋልፋ በአገራችን የወተት ላም አርቢዎች ዘንድ የታወቀ መኖ ነው። ዘሩን ያቆየው ገበሬ ታሪክ ግን በአማርኛ ተጽፎ ስላላጋጠመኝ ይህን ዳሰሳ አሰናድቻለሁ። በዋናነት የተመሠረተው የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ባወጣቸው ጥናቶችና በሚኒሶታ የታሪክ ጽሑፎች ላይ ነው። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ግሪም የተወለደው በሰሜናዊ ባደን፣ በታውበር ሸለቆ አካባቢ በምትገኝ ኩልስሃይም በተባለች ቦታ ነው። በደቡብ ምዕራብ ጀርመን ብዙ ቦታዎች የአባት መሬት ለልጆች በሙሉ ይከፋፈል ስለነበር፣ ከትውልድ ትውልድ የቤተሰብ ይዞታ እየጠበበ ሄደ። በ1840ዎቹ የድንች በሽታና የእህል እጥረት ተከተለ፤ በ1848 እና በ1849 ደግሞ ባደን በአብዮት ታመሰች። በእነዚያ ዓመታት ከአካባቢው በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ አትላንቲክን ተሻገረ። ግሪም ከባለቤቱ ከዩልያናና ከሦስት ልጆቻቸው ጋር የተሰደደው በ1857 ነው፤ ያኔ ወደ አርባ ዓመቱ ተጠግቶ ነበር።

ቤተሰቡ የደረሰበት የካርቨር አካባቢ ከጥቂት ዓመታት በፊት የዳኮታ ሕዝብ አገር ነበር። በ1851 በትራቨርስ ደ ሱ እና በመንዶታ በተፈረሙት ውሎች ዳኮታዎች ሰፊ መሬታቸውን ለአሜሪካ መንግሥት እንዲለቁ ተደረገ፤ ከ1862ቱ ጦርነት በኋላም አብዛኞቹ ከሚኒሶታ ተባረሩ። ስለ ጀርመን ሰፋሪዎች ትጋት የሚጻፉ ብዙ ጽሑፎች ይህን በአንድ ሐረግ ያልፉታል። የግሪም ቤተሰብ በዚያ መሬት ላይ ቤት ሊሠራ የቻለው ግን ሌሎች እንዲለቁት ስለተደረገ ነው።

ዘመኑም ለሰፋሪ የሚመች አልነበረም። በ1857 የአሜሪካ ባንኮች የወደቁበት የገንዘብ ቀውስ ደርሶ ስለነበር በአዳዲሶቹ ሰፈራዎች አካባቢ ጥሬ ገንዘብ ጠፋ። ሚኒሶታ ራሷ ግዛት ሆና ወደ ኅብረቱ የገባችው በግንቦት 1858 ነው። አካባቢው ሰፋሪዎች «ታላቁ ደን» ይሉት በነበረው ጥቅጥቅ ባለ ጫካ የተሸፈነ ስለነበር፣ አንድ ማሳ ለመዝራት አስቀድሞ የሜፕል፣ የኤልምና የኦክ ዛፎችን በመጥረቢያ መጣል ያስፈልግ ነበር። ጉቶው ቶሎ አይነቀልም፤ ስንዴውና በቆሎው በየጉቶው መካከል ይዘራ ነበር። በ1859 ብዙ ቤተሰቦች ገንዘብ ያገኙት ከእርሻቸው ሳይሆን በጫካው ውስጥ የሚበቅለውን የጂንሰንግ ሥር ቆፍረው ለነጋዴ በመሸጥ ነው። ሥሩ ወደ ቻይና ይላክ ነበር። ሕፃን አዋቂ ሳይል ቤተሰብ በሙሉ መቆፈሪያ ይዞ ጫካ ይወርድ እንደነበር የዘመኑ ሰዎች ይተርካሉ።

የግሪም ይዞታ ከቻስካ ከተማ ብዙም ሳይርቅ፣ በሌክታውን የገጠር ቀበሌ የሚገኝ ሆኖ በሄክታር ሲሰላ ወደ 55 የሚጠጋ ነበር።

ግሪም ከአገሩ ይዞት ከመጣው ንብረት ታሪክ የመዘገበው አንዲት ትንሽ ከረጢት ዘር ነው። መጠኑን አንዳንዶቹ 15 ፓውንድ፣ ሌሎቹ 20 ፓውንድ ያደርጉታል፤ በኪሎ ከ7 እስከ 9 ማለት ነው። በባደን ገበሬዎች አነጋገር ስሙ «ኤቪገር ክሌ» ይባላል፤ ዘላለማዊ ማገጥ እንደማለት ነው። ይህ የሉሰርን ወይም የአልፋልፋ ዘር ነበር። የባቄላና የአተር ዘመድ የሆነው ይህ ተክል አንዴ ከተዘራ ለዓመታት ይቆያል፣ በአንድ ወቅት ሁለትና ሦስት ጊዜ ይታጨዳል፣ ሥሩ ብዙ ሜትር ወደ ታች ስለሚዘልቅ ዝናብ ሲጠፋ ቶሎ አይደርቅም። በሥሩ ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ከአየር ናይትሮጅን እየወሰዱ መሬቱን ያዳብራሉ። ለላም ከሚቀርቡ ድርቆሾች በፕሮቲን የሚስተካከለው ጥቂት ነው።

በ1858 ጸደይ ግሪም ዘሩን ዘራ። በበጋው አምሮ በቀለ፤ የብርድ ወራት ሲያልፍ ግን ማሳው ሳስቶ ተገኘ። በሚኒሶታ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚወርድባቸው ሌሊቶች አሉ። አልፋልፋን የሚገድለው ቅዝቃዜው ብቻ አይደለም። አፈሩ ሲረጋና ሲቀልጥ፣ ተመልሶም ሲረጋ ያብጥና ተክሉን ከነሥሩ ወደ ላይ ይገፋዋል። ሥሩ ይበጠሳል፤ ከአፈር ወለል ሥር ተደብቆ የሚቆየው የተክሉ አናት ተጋልጦ በብርድ ይቃጠላል። በረዶ መሬቱን እንደ ብርድ ልብስ ካልሸፈነው ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። በአሜሪካ ምሥራቃዊ ግዛቶች ከዚያ በፊት ሉሰርንን ለማልመድ በየጊዜው ተሞክሮ ብዙ አልተሳካም ነበር።

የግሪም ታሪክ እዚህ ላይ ከሌሎቹ ይለያል። በጸደይ ከሞተው መካከል በሕይወት የተረፉትን ጥቂት ተክሎች አልገለበጣቸውም። እስኪያብቡና ዘር እስኪይዙ ጠበቃቸው፤ ዘራቸውን በእጁ ለቅሞ ለሚመጣው ዓመት አስቀመጠ፣ ደግሞም ዘራ። በተከታዩም የብርድ ወቅት ብዙው ሞተ፤ የተረፈው እንደገና ዘር ሰጠ። ይህ ዓመት ከዓመት ለአሥር፣ ለአሥራ አምስት ዓመታት ቀጠለ። አልፋልፋ በንብ አማካይነት ከሌላ ተክል የሚዳቀል ስለሆነ፣ ደካሞቹ በብርድ ከተወገዱ በኋላ የተረፉት እርስ በርሳቸው ተዳቅለው የሚሰጡት ዘር ከትውልድ ትውልድ እየበረታ ሄደ። የዘር ምርጫ ሳይንስ ገና ሳይስፋፋ አንድ ገበሬ በማሳው ላይ ይህን ፈጸመ። በአገራችን ጎተራ ሳይዘጋ ምርጡን ዛላ ለዘር ለይቶ የሚሰቅል ገበሬ ሥራውን ወዲያው ይረዳዋል። አሜሪካኖቹ ጸሐፊዎች ይህን አንዳንዴ «ዕድል» ሲሉት አነባለሁ። ዘሩ ሲያልቅበት ወደ ስንዴ ብቻ ሊዞር ይችል የነበረ ሰው በየዓመቱ እየለቀመ ሲቀጥል ዕድል ማለት አይበቃም።

ከጎረቤቶች አፍ የተወሰደ አንድ ትረካ በሁሉም ምንጮች ይደጋገማል። በ1860ዎቹ፣ ድርቅ በቆሎውን በመታበት አንድ ዓመት፣ ግሪም የደለቡ ከብቶቹን ወደ ገበያ ሲነዳ ጎረቤቱ ያየዋል። የሌላው ሰው ከብት አጥንቱ ወጥቷልና ጎረቤቱ ተገርሞ በቆሎ ከየት እንዳገኘ ይጠይቀዋል። ግሪምም አንዲት ፍሬ በቆሎ እንዳላበላቸው፣ የበሉት «ኤቪገር ክሌ» ብቻ እንደሆነ ይመልስለታል። ጎረቤቶቹ ዘር መለመን የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው ይባላል። የሰጣቸውና የሸጠላቸው ዘር በካርቨር የጀርመን ሰፋሪዎች ማሳ ሁሉ ተዳረሰ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ በሚኒሶታ ይበቅል ከነበረው አልፋልፋ ትልቁ ድርሻ በዚህ አንድ ካውንቲ ይገኝ ነበር፤ ከካውንቲው ውጭ ግን ነገሩን ያወቀ አልነበረም።

ከ1873 እስከ 1877 የአንበጣ መንጋ በሚኒሶታ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ እህል ፈጅቷል። ቤተሰቡ የመጀመሪያውን ቤት ትቶ ዛሬ ቆሞ የሚታየውን የጡብ ቤት የሠራው በዚሁ ዘመን፣ በ1876 ነው። ጡቡ በቻስካ የሸክላ ጉድጓዶች የሚመረተው፣ ቀለሙ ወደ ቅቤ የሚያደላው ታዋቂ ጡብ ነው። ግሪም በ1890 ሲሞት እርሻው ለልጆቹ ተላለፈ፤ አልፋልፋውም መመረቱን ቀጠለ።

ለዓለም የታወቀው ከሞተ ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። በአቅራቢያው ባለችው በኤክሰልሲየር ያርስ የነበረ አርተር ላይማን የተባለ ሰው፣ ከሌላ ቦታ የመጣ አልፋልፋ በብርድ ሲያልቅ የጀርመኖቹ ገበሬዎች አልፋልፋ ግን እንደማይጠፋ ልብ አለ። ነገሩን በ1900 ገደማ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ምርምር ጣቢያ ይሠራ ለነበረው ለዊሌት ሄይስ ነገረው። ሄይስ ዘሩን ሰብስቦ በየምርምር ጣቢያው አሰራጨ። በ1908 እና በ1909 መካከል በነበረው የብርድ ወቅት በሰሜን ዳኮታ ዲከንሰን ጣቢያ በተደረገ ሙከራ፣ ሌሎች ዓይነቶች አብዛኛውን ተክላቸውን ሲያጡ የግሪም ዘር ጥቂት ብቻ ሞቶበት ወጣ። የፌዴራሉ የግብርና መሥሪያ ቤት ባለሙያ ቻርልስ ብራንድ ካርቨር ድረስ ሄዶ ገበሬዎቹን ጠየቀና በ1911 ዝርዝር ጥናት አሳተመ። ዛሬ ስለ ቤተሰቡ የሚታወቀው ብዙው ነገር ከዚያ ጥናት የተቀዳ ነው። ላይማንም ከመኖ አምራችነት አልፎ የዘሩ ዋና አስተዋዋቂና ሻጭ ሆነ፤ እርሱ ባይኖር የግሪም ስም ከካርቨር ባልወጣ ነበር።

የዘሩ ጥንካሬ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ አከራካሪ ነው። የግሪም አልፋልፋ አበባው ሐምራዊ ብቻ ሳይሆን ሰማያዊ፣ አረንጓዴማና ቢጫማ ቀለም ይቀላቀልበታል። ይህም ሐምራዊ አበባ ካለው ከተለመደው አልፋልፋ እና ብርድ ከሚችለው፣ ቢጫ አበባ ካለው የዱር ዘመዱ የተዳቀለ መሆኑን ያሳያል። ዲቅላነቱ የተገኘው አሜሪካ ሳይሆን ቀድሞ በአውሮፓ እንደሆነ በ1910 አካባቢ የወጡት ጥናቶች ያምናሉ፤ የታውበር አካባቢ በጀርመን የፍራንኮኒያ ክፍለ አገር ስም የሚጠራው አሮጌ ሉሰርን የሚበቅልበት አገር ነውና። እንዲህ ከሆነ ጥንካሬው በከረጢቱ ውስጥ ነበረ ማለት ነው። ሌሎች ደግሞ ዘሩን ያጠነከረው በሚኒሶታ የተደጋገመው የብርድ ወንፊት ነው ይላሉ። ሁለቱም እውነት ያላቸው ይመስለኛል፤ ዲቅላው መነሻውን ሰጠ። ከዚያ ድብልቅ ለሚኒሶታ የሚሆነውን ለይቶ ያወጣው ግን ግሪም ለመሆኑ ጥርጥር የለኝም።

ከ1910 በኋላ ዘሩ በሰሜንና በደቡብ ዳኮታ ግዛቶች፣ በሞንታና፣ በዊስኮንሲንና በካናዳዋ አልበርታ ተስፋፋ። ፍላጎቱ ሲንር ማጭበርበርም ተከተለ። የግሪም ፍሬ በዓይን ሲታይ ከተራ አልፋልፋ ፍሬ አይለይም፤ ስለዚህ ብዙ ነጋዴ ከሞቃት አገር የመጣ ርካሽ ዘር በግሪም ስም በውድ ዋጋ ሸጠ። ገበሬው መታለሉን የሚያውቀው ማሳው በብርድ ካለቀ በኋላ ነበር። ዘር በማሳ ላይ እያለ እየታየ እንዲመዘገብና ከረጢቱ እንዲታሸግ የተደረገው ጥረት አንዱ ምክንያት ይኸው ማጭበርበር ነው። በ1924 የዘሩ አምራቾች ማኅበር በግሪም እርሻ ላይ የነሐስ ጽሑፍ የተለጠፈበት ትልቅ ድንጋይ አቆመ።

የግሪም የበላይነት ያበቃው በብርድ ሳይሆን በበሽታ ነው። ከ1920ዎቹ ጀምሮ የባክቴሪያ አጠውላጊ በሽታ በሰሜኑ ማሳዎች ተዛመተ፤ ግሪምም አልተቋቋመውም። ለዓመታት ይቆይ የነበረው ማሳ በሁለትና በሦስት ዓመት መሳሳት ጀመረ። በ1940ዎቹ ሬንጀር፣ በ1953 ደግሞ በዊስኮንሲን የወጣው ቨርናል በሽታውን የሚችሉ ሆነው ቦታውን ወሰዱ። ይሁንና የግሪም ዝርያ ለማዳቀል ሥራ ለብዙ ጊዜ አገልግሏል።

እርሻው ዛሬ ከሚኒያፖሊስ በስተ ምዕራብ የሚገኘው የካርቨር ፓርክ ጥብቅ ሥፍራ አካል ነው፤ የሚያስተዳድረው የሦስቱ ወንዞች ፓርክ ድርጅት ነው። በ1974 በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪካዊ ሥፍራዎች መዝገብ ላይ ሰፍሯል። የ1876ቱ የጡብ ቤት ታድሶ በተወሰኑ ጊዜያት ለጎብኚዎችና ለተማሪዎች ይከፈታል፤ በመንትዮቹ ከተሞች፣ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል፣ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ከግማሽ ሰዓት ትንሽ በሚበልጥ የመኪና መንገድ ይደረሳል።